ሙት ወቃሽ አገር፤ ስለ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሹመትና አሟሟት

በቀደመው ዘመን በኢትዮጵያ አገር ሁለት ሰዎች በርስት ወይም በገንዘብ የተጣሉ እንደ ሆነ ነጠላቸውን አቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ዳኛው የራቀባቸው እንደ ሆነ በመንገድ ያገኙትን ሽማግሌ አስቁመው፣ ከዛፍ ጥላ በታች አስቀምጠው፣ ከፊቱ ቆመው ይሟገቱ ነበር። አንዱ ‹‹ተጠየቅ›› ሲል ሌላው ‹‹እጠየቃለሁ›› ብሎ ይመልሳል። ጉልበተኛ በድኻ ላይ እጁን ያነሣ እንደ ሆነ፣ ድኻው ‹‹በሕግ አምላክ›› ባለ ጊዜ የተነሣው እጅ ሳይወርድ ይቀራል። ‹‹በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል›› የሚለው የአገር ቃል ከዚህ የመጣ ነው። ይህን ሁሉ ያደርግ የነበረው ሕዝብ አብዛኛው ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ ነበር። ነገር ግን ሰው ሳይጠየቅ ሊፈረድበት እንደማይገባ ያውቅ ነበር።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቅዳሜ ሌሊት፣ በአዲስ አበባ ከተማ ዓለም በቃኝ በተባለው ወኅኒ ቤት ይህ የአባቶች ሕግ ተሻረ። በሕዝብ አፍ ‹‹ስድሳዎቹ›› የሚባሉት የቀድሞ መንግሥት ሹማምንት፣ የጦር መኰንኖችና ሌሎችም በዚያች ሌሊት ተረሸኑ፤ ከእነርሱ ጋር የሚቈጠሩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በዚያው ቀን በገዛ ቤታቸው በተኩስ ሞቱ። ከተረሸኑት አንዱ ለ13 ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። የ62 ዓመት ሰው ነበሩ። ክስ አልተነበበላቸውም፤ ምስክር አልተሰማባቸውም፤ ጠበቃ አልቆመላቸውም፤ ‹‹ምን ትላለህ?›› ብሎ የጠየቃቸው ዳኛም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል። ዛሬም የእኒህ ሰው ስም በተነሣ ቍጥር ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን፣ ድኻው ሲራብ ዝም ብለው የኖሩ ናቸውና የሥራቸውን አገኙ፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ፍርድ ቤት ምን ያደርግለታል? ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ እንከን የሌለባቸው አገር ወዳድ ነበሩ፤ ጥፋቱ ሁሉ የሌላ ነው፤ ስማቸውን በወቀሳ ማንሣት ነውር ነው ይላል። እነዚህ ሁለቱ ጠበኞች ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሁለቱም ባለ ጉዳዩን ሳይሰሙ ፈርደዋል። አንዱ ሳይሰማ ኰነነ፤ ሌላው ሳይሰማ አጸደቀ።

በአማርኛ ‹‹ሙት ወቃሽ አያድርገኝ›› የሚባል አነጋገር አለ። የሞተ ሰው መልስ መስጠት አይችልምና፣ ከሞተ በኋላ የሚወቅሰው ሰው እንደ ግፈኛ ይቈጠራል። እንግዲህ ትልቅ ሥልጣን ይዞ የኖረ ሰው በሕይወቱ ሳለ በአደባባይ ሳይጠየቅ ቢገደል፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሁሉ ሙት ወቃሽ ይሆናል። የኅዳር 14 ትልቁ ጉዳት ከዚህ ላይ ነው። ገዳዮቹ ሰውን በመግደላቸው አገሩን በሙሉ ሙት ወቃሽ አደረጉት። ዕዳ ያለበትን ሰው ሳያስከፍል የገደለ፣ ዕዳውን ራሱ ሰርዞለታል፤ ዕዳ የሌለበትን የገደለ ደግሞ ንጽሕናው እንዳይታወቅ አድርጎበታል። አክሊሉ ከሁለቱ የትኛው እንደ ነበሩ፣ ወይም ከሁለቱ ምን ምን ያህሉ እንደ ነበረባቸው የሚታወቅበትን በር ጥይት ዘጋው።

የሰውየው ሥራ ምን እንደ ነበረ መመርመር ይገባል። አክሊሉ ሀብተ ወልድ በ1904 ዓ.ም. ተወለዱ። የዘር አገራቸው ቡልጋ ነው፤ አባታቸውም ካህን ነበሩ። ቤተ ሰቡ ከታላላቅ መሳፍንት ወገን አልነበረም፤ ሆኖም ሦስቱ ወንድማማች፣ መኰንንና አካለ ወርቅ አክሊሉም፣ በትምህርትና በሥራ ብርታት ከሚኒስትርነት ማዕርግ ደረሱ። አክሊሉ በእስክንድርያ በፈረንሳውያን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በፓሪስ ሕግ ተማሩ። በዚያው ሳሉ የኢጣልያ ጦር አገራቸውን ወረረ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ በወደቀች ጊዜ፣ በፓሪስ ስለ ኢትዮጵያ ከሚናገሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ይህ ወጣት ነበር። ኃያላኑ መንግሥታት አንድ ባንድ የኢጣልያን ወረራ እየተቀበሉ ሲሄዱ፣ ሠራዊትም ገንዘብም በሌለው መልእክተኛ እጅ የቀረው መሣሪያ የሕግ ቃል ብቻ ነበር።

ጀርመኖች በ1932 ዓ.ም. ፓሪስን ከያዙ በኋላ አክሊሉ ከፈረንሳይ ወጡ፤ ኢትዮጵያም ነጻ በወጣች ጊዜ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የውጭ ጉዳይን ሥራ በምክትል ሚኒስትርነት፣ ቀጥሎም በሚኒስትርነት ያዙ። በ1937 ዓ.ም. በሳንፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ቃል ኪዳን በተፈረመ ጊዜ ከኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። በ1938 ዓ.ም. መጨረሻ በፓሪስ በተከፈተው የሰላም ጉባኤ የኢትዮጵያን መልእክተኞች መርተው ኢጣልያን ተሟገቱ። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ኢጣልያ የኢትዮጵያን ነጻነት አወቀች፤ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነባት። በ37ኛው አንቀጽም፣ ከወረራው መጀመሪያ አንሥታ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ፣ ንዋየ ቅድሳትና መዝገብ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ታዘዘች።

ኢጣልያ በ18 ወር አልመለሰችም። የአክሱም ሐውልት በሮም አደባባይ ቆሞ ቀረ። ነገር ግን አንቀጹ በጽሑፍ ስለ ነበረ፣ ኢትዮጵያ በነገሥታትም በወታደሮችም በሌሎችም ዘመን በዚያው ቃል ስትጠይቅ ኖረች። በመጨረሻ ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተጭኖ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. አክሱም ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ተተከለ። ውሉ ከተፈረመ 58 ዓመት ሆኖት ነበር። በሸንጎ ተከራክረው የጻፉት ነገር እንዲህ ነው፤ ይዘገያል እንጂ እንደ ተጻፈ ይኖራል፤ ጻፊዎቹ ቢሞቱም ባለ ዕዳውን ይዞ ይጠይቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የኤርትራ ጉዳይ ነው። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ 46 መንግሥታት ደግፈው 10 ተቃውመው፣ ኤርትራ የራሷ ምክር ቤትና የውስጥ አስተዳደር ኖሯት ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ ወሰነ። ውሳኔውም በመስከረም 1945 ዓ.ም. ተፈጸመ። ለዚህ ውሳኔ ብዙ ዓመት በየጉባኤው የደከሙት የውጭ ጉዳይ ሰው አክሊሉ ነበሩ። ኢትዮጵያ ከብዙ ዘመን በኋላ የባሕር በር ያገኘችው አንድ ጥይት ሳይተኰስ፣ በክርክርና በድምፅ ብልጫ ነው። ከወቃሾቻቸው ወገን የሆነ ሰው ይህን ሥራቸውን ዘልሎ የሚያልፍ እንደ ሆነ፣ ሚዛኑን በእጁ ተጭኖ የሚመዝን ነጋዴ ይመስላል።

አወዳሾቻቸው ግን ከዚህ ላይ ያቆማሉ፤ መጽሐፉን ከእኩሌታው ላይ ያጥፉታል። ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. ያለው የጠቅላይ ሚኒስትርነታቸው ዘመን ሲነሣ፣ ‹‹ሁሉን ያዝዙ የነበሩ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው›› ብለው ነገሩን ይዘጋሉ። በእርግጥ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮችን የመሾምና የመሻር ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጥቶ ነበር። የእኒህ ሰው ስም አክሊል ቢሆንም ዘውዱ የሌላ ነበር። ነገር ግን በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን ራሱ መርጦ እንዲያቀርብ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ‹‹እኔ ታዛዥ ነኝ›› የሚለው መልስ ጠበበ፤ የመረጡት ሹም ባጠፋ ጊዜ መራጩም አብሮ ይጠየቃልና። ደግሞስ ያለ ሥልጣን የሥልጣንን ወንበር ለ13 ዓመት ይዞ መቀመጥ ራሱ መልስ የሚሻ ሥራ አይደለምን? ትእዛዙ ክፉ የሆነበት ሹም ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ መናገር ነው፣ ሁለተኛው ወንበሩን መልቀቅ ነው።

የሚጠየቁበት ነገር ደግሞ ጥቂት አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. ተማሮች ‹‹መሬት ለአራሹ›› ብለው በአዲስ አበባ ጎዳና ወጡ። በደቡቡ አገር ብዙው ጭሰኛ ከምርቱ ሲሶውን፣ አንዳንዱም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይሰፍር ነበር። መንግሥት በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር አቋቋመ፤ የጭሰኛና የባለ መሬትን ውል የሚያስተካክል ሕግም ተረቀቀ። ነገር ግን አብዛኛው መሬት በእጃቸው የሆነ ሰዎች በተቀመጡበት ምክር ቤት ረቂቁ ሲንከባለል ኖረ፤ ሳይጸድቅም መንግሥቱ ወደቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለዚህ ሕግ ምን ያህል ተሟገቱ? በፓሪስ ለአንድ ሐውልት የተሟገተ አንደበት፣ በአራት ኪሎ ለጭሰኛው ምን ተናገረ?

ሁለተኛው ጥያቄ የፌዴሬሽኑ ነው። አክሊሉ ብዙ የደከሙለት ያ ውሳኔ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በኤርትራ ቈላ የተጀመረው ተኩስ ወደ ሠላሳ ዓመት ጦርነት ተለወጠ፤ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስም ስንት እናት ልጇን ቀበረች። የገዛ እጁ ሥራ ሲፈርስ ያየው ባለሙያ ተቃውሞ ነበርን? ዝም ብሎ ነበርን? ወይስ አብሮ አፍራሽ ነበር? ይህ የሰሜኑን አገርና የባሕሩን በር ዕጣ የወሰነ ነገር ነው፤ መልሱንም ከሰው ሁሉ ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የሚከብደው የወሎ ረኃብ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ዝናም ጠፍቶ ሕዝቡ በመንገድ ዳር ሲወድቅ፣ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ነፍስ ሲያልፍ፣ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የረኃቡን ሥዕል ለዓለም ባሳየ ጊዜ ብዙው የአዲስ አበባ ሰው የገዛ ወንድሙን ሞት ከባዕድ ሰማ። ወሬው ከአውራጃ ወደ ሚኒስቴር መቼ ደረሰ? ከሚኒስቴሩ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መቼ ደረሰ? በየጠረጴዛው ላይ ስንት ቀን ተኛ? ‹‹ዝም በል›› ያለው ማን ነው? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ስም፣ ቀንና ፊርማ ያለበት መልስ የሚሹ ናቸው። በጠቅላላው ‹‹መንግሥት አጠፋ›› ማለት ለሞቱት ሰዎች መልስ አይሆንም።

እንግዲህ ወቃሾቹ፣ ይህን ሁሉ ካመንህ ጥይቱ ምን በዛባቸው? ሊሉ ይችላሉ። መልሱ ይህ ነው፤ ክሱ የከበደውን ያህል ፍርዱ ይበልጥ ያስፈልጋል። ዶሮ የሰረቀ ሰው እንኳ በቀበሌው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። በአሥር ሺህ ለሚቈጠር ነፍስ የሚጠየቅ ሰው ያለ ጥያቄ በሌሊት መገደሉ ለሙታኑ ክብር አይሆንም፤ ሞታቸው ሸንጎ የማይገባው ትንሽ ነገር ሆነ ማለት ነውና።

የሀብተ ወልድ ቤት ያለ ፍርድ መገደልን አስቀድሞ ያውቀው ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተነሣው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ወንድማቸው መኰንን ሀብተ ወልድ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከሌሎች ሹማምንት ጋር በጥይት ተገደሉ። የግልበጣው መሪ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ግን ተይዘው በችሎት ፊት ቆሙ፤ ቃላቸውን ሰጡ፤ ከዚያ በኋላ በመጋቢት 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ። ያ ችሎት ነቀፋ የለበትም አይባልም፤ የወንድማቸው የግርማሜ ሬሳ በአደባባይ መሰቀሉም የዘመኑ እፍረት ነው። ነገር ግን ጄኔራሉ ስለ ተጠየቁ ቃላቸው ተሰማ፤ ዛሬ ስለ ዓላማቸው የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚይዘው ነገር አለው። በችሎት የተናገሩት ሰው ከሞቱም በኋላ ይከራከራሉ፤ በገነተ ልዑል የወደቁት ግን አንዳች ሳይናገሩ ቀሩ። የዚያ ዘመን ተማሮችና ወታደሮች ከዚህ ትምህርት ሊወስዱ በተገባቸው ነበር።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. ወታደሩ፣ መምህራኑና የታክሲ ነጂዎቹ በተነሡ ጊዜ አክሊሉና ሚኒስትሮቻቸው ሥራቸውን ለቀቁ፤ በሚያዝያም ብዙዎቹ ተያዙ። በዚያው ዓመት የሹማምንቱን ሥራ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ይህ በኢትዮጵያ ታሪክ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ ሰው በተሿሚ መርማሪዎች ስለ ሥራው ተጠየቀ። አክሊሉም በእስር ቤት ሆነው መልሳቸውን በጽሑፍ ይሰጡ ጀመር፤ ያም ጽሑፍ ከሞታቸው በኋላ በመጽሐፍ ታትሟል። ‹‹ተጠየቅ›› ተብለው ‹‹እጠየቃለሁ›› ማለት ጀምረው ነበር። የሥራቸውን ልክ አገር የሚያውቅበት ቀን እየቀረበ ሳለ ነው ጥይቱ የቀደመው።

ደርግ ‹‹ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም›› እያለ ነበር ንጉሠ ነገሥቱን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ያወረደው። በዚያው ኅዳር ወር ደግሞ ልዩ የጦር ፍርድ ቤት በአዋጅ አቋቋመ። ይህ ልዩ ፍርድ ቤት ገዳዮቹ ራሳቸው ያቆሙት፣ ዳኞቹንም ራሳቸው የሚሾሙበት ነበር። እስረኞቹን ወደዚያ ማቅረብ ግን አልፈለጉም፤ የሞቱን ነገር በራሳቸው ስብሰባ ወስነው ፈጸሙት። የራሳቸው ዳኛ እንኳ ‹‹ማስረጃው የታለ?›› እንዳይላቸው ሰግተው እንደ ሆነ፣ ከዚህ የሚበልጥ የጥፋት ኑዛዜ የለም።

ቦታው ዓለም በቃኝ መባሉም የሚያስተክዝ ነው። ‹‹ዓለም በቃኝ›› መናኝ ሰው በፈቃዱ ንብረቱን ትቶ ወደ ገዳም ሲሄድ የሚናገረው ቃል ነው፤ ባለቤቱ ካልተናገረው ትርጉም የለውም። በዚያች ሌሊት ግን ቃሉን የተናገረው ሌላ ሰው ነው፤ ‹‹ዓለም በቃህ›› ሆነ። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ወንድማቸው አካለ ወርቅ ሀብተ ወልድም ተረሸኑ፤ እኒህ ሰው የፍርድ ሚኒስትር ነበሩ። የፍርድ ሚኒስትር ያለ ፍርድ የሚሞትበት አገር፣ ሎሌውና ገበሬው በምን ተማምነው ያድራሉ?

‹‹በአብዮት ጊዜ ለችሎት ፋታ የለም፤ አብዮቱ ራሱ ችሎት ነው›› የሚል ክርክር ያን ጊዜ ብዙ ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ለዚህ ክርክር የሚከተለው ታሪክ ይመልስለታል። ንጉሠ ነገሥቱ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በእስር ቤት ሞቱ፤ ያን ጊዜ ‹‹በሕመም›› ተባለ፣ በኋላ ግን መገደላቸው በፍርድ ቤት ተረጋገጠ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የወጣቶች ሬሳ በየመንገዱ ተጣለ፤ ከእነዚያም ወጣቶች ውስጥ የስድሳዎቹን ሞት በሰሙ ጊዜ ደስ ያላቸው ነበሩ። ደርግም በገዛ ሰዎቹ ላይ ዞረ፤ ሊቀ መንበሩ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ በጥር 1969 ዓ.ም.፣ ምክትሉ ሌተና ኰሎኔል አጥናፉ አባተ በኅዳር 1970 ዓ.ም. እንዲሁ ያለ ችሎት ተገደሉ። በሕግ አምላክ የሚለውን ቃል ለጠላቱ የነፈገ ሰው፣ ለራሱ በፈለገው ጊዜ አያገኘውም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለሁለቱም ወገን ትምህርት ነው። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ሹማምንቱ ተይዘው ከታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በፍርድ ቤት ቆሙ። ክሱ ተነበበላቸው፤ ጠበቃ ቆመላቸው፤ ምስክር ተሰማ፤ የገዛ ፊርማቸው ያለበት ወረቀት ቀረበ። ችሎቱ 12 ዓመት ፈጀ፤ ብዙ ሰው ተሰላችቶ ‹‹ይህ ሁሉ ክርክር ለምን?›› አለ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኞች ተባሉ፤ በይግባኝ በ2000 ዓ.ም. በኰሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በሌሎችም ላይ የሞት ቅጣት ተወሰነ፤ ኰሎኔሉ ግን በዚምባብዌ በስደት ስለ ነበሩ ፍርዱ በሌሉበት ነው የተሰጠው። በ2003 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ያሉት ፍርደኞች የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

ይህ ችሎት ብዙ ጕድለት አለበት ተብሎ ይነቀፋል፤ በርዝመቱም፣ ዋናው ተከሳሽ ባለመቅረቡም፣ አሸናፊ በተሸናፊ ላይ ያቆመው ነው በመባልም። ሆኖም አንድ ነገር አስገኝቷል። ስለ ገዳዮቹ የሚከራከር ሰው ዛሬ የሚጠቅሰው መዝገብ አለው። ስለ ተገደሉት የሚከራከር ሰው ግን ወሬ ከወሬ ያጋጫል። ገዳዮቹ ለሟቾቹ የነፈጉትን ፍርድ እነርሱ አገኙ፤ በማግኘታቸውም ሥራቸው ተለይቶ ታወቀ፤ ይህ ሰው ይህን አደረገ፣ ያ ሰው ያን አላደረገም እስኪባል ድረስ። ለአክሊሉ ሀብተ ወልድ ግን ይህ ልዩነት አልተሠራላቸውም። ከዚያች ሌሊት ሙታን መካከል የሌባው፣ የሰነፉ፣ የታማኙና የንጹሑ ሬሳ በአንድ ጕድጓድ ተጣለ፤ የሥራቸውም መዝገብ አብሮ ተቀበረ።

አጽማቸው በኋላ ከተጣለበት ወጥቶ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐርፏል። የዓለም በቃኝ ግንብም ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ታላቁ አዳራሽ ተሠርቶ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ነበሩ። ዛሬ የአፍሪካ መሪዎች ስለ ሕግና ስለ ሰው ልጅ መብት የሚናገሩበት መሬት እርሳቸው ያለ ሕግ የወደቁበት መሬት ነው።

ሬሳን በክብር ማሳረፍ ግን ፍርድን አይተካም፤ ሐውልት ማቆምም ለጥያቄ መልስ አይሆንም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ በወደቀው ላይ ምሳር ማብዛትም ጀግንነት አይደለም። የሚገባው ሥራ ሌላ ነው። የመርማሪው ኮሚሽን መዝገብ የተረፈው ሁሉ ተሰብስቦ ለመርማሪ ይከፈት። በየሚኒስቴሩ ስለ ወሎ ረኃብ፣ ስለ ፌዴሬሽኑ መፍረስና ስለ መሬቱ ረቂቅ ሕግ የተጻጻፉት ደብዳቤዎች በየቀናቸው ተደርድረው ይታተሙ። አክሊሉ በእስር ቤት የጻፉትም ቃል እንደ ተከሳሽ መልስ ይነበብ። የተከሳሽ መልስ ሁሉ እውነት አይደለም፤ ሁሉም ሐሰት አይደለም፤ ከምስክርና ከጽሑፍ ጋር ይመዘናል እንጂ። ለልጆችም በትምህርት ቤት ስለ እኒህ ሰው ሲነገር ‹‹ከሃዲ›› ወይም ‹‹ጻድቅ›› ተብሎ አይነገር፤ የሠሩት ይነገር፣ ያልመለሱት ጥያቄም ይነገር፣ ለምን እንዳልመለሱም ይነገር።

ይህ ቢደረግ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በነጻ የሚለቀቁበት ነገር ይገኝ ይሆናል፤ የሚፈረድባቸው ነገርም ይገኝ ይሆናል። ሁለቱም ለአገር ይጠቅማል። በፓሪስ ጉባኤ ስለ ኢትዮጵያ የቆሙት ሰው፣ ኃያሉ መንግሥት ደካማውን ሳያስጠይቅ ሊወስድበት አይገባም ብለው ነበር የተከራከሩት። ኢጣልያ በዚያ ክርክር ተረታች፤ ሐውልቱም ተመለሰ። በአገራቸው ውስጥ ግን ያ ክርክር ገና አልተፈጸመም። ሰው ሳይጠየቅ አይፈረድበትም የሚለው የገበሬው ሕግ ለጠቅላይ ሚኒስትሩም፣ ለገዳዩም፣ ለጭሰኛውም እኩል እስኪሠራ ድረስ፣ ኢትዮጵያ ሙታኗን ስትወቅስ ትኖራለች፤ ሕያዋኑም ሳይጠየቁ ያልፋሉ።